ልጅን ስለ ትናንት ጠይቁት፦ ደሴ ላይ የልጆች መጠይቅ ለምታዘጋጁ

ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። አንድ የ11 ዓመት ልጅ ከፊቴ ተቀምጧል። ወረቀቴን ዘርግቼ የተጻፈውን አነበብኩለት፦ “በአጠቃላይ በኑሮህ ምን ያህል ደስተኛ ነህ?” ትንሽ አሰበና “አልሐምዱሊላህ” አለኝ። ከሱ ቀጥላ የመጣችው ልጅ “ተመስገን” አለች። ሁለቱንም “በጣም ደስተኛ” የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩላቸው። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ዋልን። ማታ ሲደመር የደሴ ልጆች ከዓለም ሁሉ የደላቸው ሆነው አረፉት።

ወረቀቱን አጥፌ ያንኑ ልጅ “ትናንትስ እንዴት ዋልክ?” ስለው ግን ሌላ ወሬ መጣ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ውሃ ቀድቷል። ረፋዱን ፒያሳ ጫማ ሲጠርግ ቆይቷል። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ነው፤ ክፍል ገብቶ እንቅልፍ ጥሎታል። ምሳስ? “ትናንት አልነበረም።”

ልጁ አልዋሸኝም። ወሎ ላይ ስለ ኑሮው የተጠየቀ ሰው የሚመልሰው ምስጋና ነው። እንደ ሰላምታ ነው። ጥፋቱ የኔ ጥያቄ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጆችን የምጠይቀው ስለ ትናንት ነው፤ ይህ መመሪያም በዚያው ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። ለቀበሌ፣ ለትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ለእድር ወይም ለማኅበር የልጆችን ሐሳብ ለመሰብሰብ ለምትነሱ ሰዎች የተጻፈ ነው።

“ልጅ ምን ያውቃል?” የሚላችሁ ኃላፊ አይጠፋም። ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 ልጅ በሚነካው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመግለጽና የመደመጥ መብት አለው ይላል። ይህን ንገሩት። ካልበቃው፣ የእንግሊዝ የሕፃናት ኮሚሽነር በ2021 እ.ኤ.አ. ባካሄደችው ጥናት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ልጆች መመለሳቸውን ንገሩት። እዚሁ አገራችንም ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 3,000 ያህል ልጆችን ከልጅነት እስከ ጉልምስና ተከታትሏል። ልጅ ይጠየቃል፤ ይመልሳልም።

አንደኛ፦ መጀመሪያ ውሳኔውን ፈልጉ

ብዙ ሰው ከጥያቄ ይጀምራል። “የልጆች ችግር ምንድን ነው?” ብሎ ይወጣና 80 ገጽ ይዞ ይመለሳል። ሰማንያውም መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። እናንተ ከኋላ ጀምሩ። ይህን ወረቀት ማን ያነበዋል? አንብቦስ ምን ይወስናል?

ኮምቦልቻን ውሰዱ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ከዚያ በፊትም ከተማዋ የፋብሪካ ከተማ ነበረች። እናት ፈረቃ ስትገባ ታናሽ ወንድምን ማን ይዞ ይውላል? ይህ ጥያቄ የሕፃናት ማቆያ የት ይከፈት ለሚል ውሳኔ ይጠቅማል። ለዚህ ደግሞ ከእናቲቱ በላይ የሚያውቀው የ9 ዓመቷ ታላቅ እህት ናት፤ አዝላው የምትውለው እሷ ናትና።

ጊዜውንም አስሉ። በጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። እቅድ ከዚያ ብዙ ቀድሞ ይታሰራል። ውጤታችሁን ሰኔ ላይ ይዛችሁ ብትሄዱ “በጣም ጥሩ ሥራ ነው” ተብላችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ። መስክ ኅዳርና ታኅሣሥ ብትወጡ፣ ጥር ላይ ብትጽፉ ይሻላል።

ሁለተኛ፦ ወረቀትና እሺታ

የድጋፍ ደብዳቤውን ከከተማ አስተዳደሩ፣ ከትምህርት መምሪያና ከሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቀድማችሁ ያዙ። ቀበሌው የማያውቀው ሰው ታብሌት ይዞ ልጆች ሲያናግር ከታየ ቀኑ ሳይመሽ ፖሊስ ይመጣል። መምጣቱም ደግ ነው። ሥራችሁ ጥናት የሚባል ከሆነ የዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴም ይየው።

የወላጅ ፈቃድና የልጅ እሺታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እናት ፈቅዳ ልጅ እምቢ ካለ ነገሩ አለቀ። የኛ ልጅ ግን ለትልቅ ሰው እምቢ ማለት አልለመደም። ስለዚህ እምቢታን አለማምዱት። እኔ ሁሌም በአንድ የቀልድ ጥያቄ እጀምራለሁ፦ “ትናንት ስንት ጅብ በላህ?” ልጁ ይስቃል። “በል እንግዲህ፣ መመለስ ካልፈለግክ ‘ይለፈኝ’ በለኝ። እስቲ ሞክረው።” “ይለፈኝ!” ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ ካለ በኋላ እውነተኛው ጥያቄ ሲመጣ አፉ አይተሳሰርም።

ሦስተኛ፦ ማንን ትጠይቃላችሁ?

ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው። ትምህርት ቤት ትገባላችሁ። ደጉ መምህር “ተናጋሪ ተናጋሪዎቹን ላምጣላችሁ?” ይላል። አመስግኑትና እምቢ በሉ። የሚያመጣው የፊት ረድፉን ነው፤ እነሱ ደግሞ ቁርስ በልተው የመጡት ናቸው።

ስም ዝርዝሩን ተቀበሉ። 600 ልጅ ካለና 60 ከፈለጋችሁ በየ10ኛው ትሄዳላችሁ። ከ1 እስከ 10 የተጻፈባቸው ብጥስጣሽ ወረቀቶች ኮፍያ ውስጥ ጨምራችሁ አንዱን አውጡ። 7 ከወጣ 7ኛው፣ 17ኛው፣ 27ኛው እያላችሁ ቀጥሉ። የተመረጠው ልጅ ቀርቶ ከሆነ በሌላ አትተኩት፤ በማግሥቱ ፈልጉት። ለምን እንደቀረ ራሱ መረጃ ነው።

ስንት ልጅ ይበቃል? ለትልቅ ከተማ በትክክለኛ ዕጣ የወጡ 385 ያህል ልጆች ካሏችሁ ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከእውነቱ ከ5 ከመቶ በላይ ወዲህ ወዲያ አይልም። የአንድ ክፍል ልጆች ግን ኑሯቸው ይመሳሰላል። በየትምህርት ቤቱ እየገባችሁ የምትመርጡ ከሆነ ቁጥሩን አንድ ተኩል እጥፍ ወይም እጥፍ አድርጉት። ለአንድ ቀበሌ ጉዳይ ይህን ያህል መድከም የለባችሁም። ዕጣ ያወጣቸው 60 ልጆች መንገድ ላይ ከተለቀሙ 1,000 ይበልጡብኛል።

አሁን ስም ዝርዝር ላይ የሌሉት። ሊስትሮው፣ ቆሎ አዟሪዋ፣ ተፈናቅለው የመጡት፣ ቀኑን መድረሳ ወይም የቄስ ትምህርት የሚውሉት። ደሴ ውስጥ አንድ ሌላ ወገን አለ፤ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች። አራት ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ፣ ስንቅ ከቤት ይላክላቸዋል፣ ምጣድና ጀሪካን ተካፍለው ይኖራሉ። ትምህርት ቤት ስትጠይቁ ተማሪ ናቸው፣ ቤት ለቤት ስትሄዱ ተከራይ ናቸው። በሁለቱም በኩል ልጅ መሆናቸው ይረሳል።

የቤት ለቤት ቆጠራ ላይ ደግሞ ይህን አንድ አረፍተ ነገር እንደ ዳዊት ሸምድዱት። “ስንት ልጅ አለሽ?” ብዬ የጠየቅኳት እናት “ሦስት” አለችኝ። ሦስቱንም ጻፍኩ። ይህን ስጽፍ ቡናውን የምታቀርብልኝ የ12 ዓመት ግድም ልጅ ነበረች። የቤት ሠራተኛ ናት። እናቲቱ አልዋሸችም፤ ልጇ አይደለችማ። ጥያቄው መሆን የነበረበት “ትናንት ማታ እዚህ ቤት ያደረ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ማን ማን አለ?” ነው። አሁንም ትናንት።

አራተኛ፦ ጥያቄዎቹ

ከ8 ዓመት በታች ላሉት መጠይቅ አይሆንም። “የልጆች ዓለም” የሚባለው ዓለም አቀፍ ጥናትም የሚጠይቀው 8፣ 10 እና 12 ዓመት አካባቢ ያሉትን ነው። ለትንንሾቹ ሥዕልና ባቄላ በቂ ነው። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ መሬት ላይ በጠመኔ ይሳሉ፣ ከዚያ 10 ባቄላ ስጧቸውና “የምትፈሩበት ቦታ ላይ አስቀምጡ” በሉ። አንድ ጊዜ ስድስት ልጆች ባቄላቸውን በሙሉ ውሻ ያለበት አንድ ግቢ በር ላይ ከመሩት። እኛ መኪና መንገዱ ነው ብለን ነበር የሄድነው።

ዕድሜ ራሱ ፈተና ነው። “ስንት ዓመትህ ነው?” ሲባል በግምት የሚመልስ ብዙ ነው። የልደት ካርድ ከሌለ እናትን በታወቀ ነገር አስታውሷት፦ “ኮሮና መጥቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይሄድ ነበር ወይስ ይድህ ነበር?” መጋቢት 2012 ዓ.ም. ሁሉም ያስታውሰዋል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የደረሰውን ጦርነት ግን ለዕድሜ ማስታወሻ አትጠቀሙበት። በዚያ በር ከገባችሁ ዕድሜውን አታገኙትም፤ እናቲቱን ታስለቅሳላችሁ።

ወደ ዋናው እንምጣ። “ትሠራለህ?” አትበሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ 15 ስላደረገው፣ ወላጅም አሠሪም “አይሠራም” ይሏችኋል። ልጁም ልብስ ማጠብን ሥራ አይለውም። ከትናንት ጠዋት ጀምራችሁ አብራችሁት ተጓዙ። ከእንቅልፍ ስትነሳ መጀመሪያ ምን አደረግክ? ከዚያስ? ምን ቀመስክ? ማን አብሮህ ነበር? “ከዚያስ?” የምትለዋ ቃል ከ20 ጥያቄ ትሻላለች።

ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቁ። እኛ የተቃጠልነው እዚህ ነው። ታብሌቱ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ልጁ “11 ሰዓት ተነሳሁ” ይላል፣ ሰብሳቢው 11 ብሎ ያስገባል። ማሽኑ ዘንድ ይህ ረፋድ 5 ሰዓት ነው! ጎህ ሳይቀድ ውሃ የሚቀዳው ልጅ እስከ ረፋድ የሚተኛ ቅምጥል ሆኖ ወጣ። አሁን ቁጥሩን ትቼ “ጎህ ሳይቀድ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ” ብዬ አማራጭ እሰጣለሁ።

ትናንት የትኛው ቀን እንደነበረም ጻፉ። ሰኞ ገበያ ስሙ እንደሚለው የሰኞ ነው፤ ማክሰኞ የጠየቃችሁት ልጅ ትናንትናው የገበያ ቀን ነበር። ረመዳን ከሆነ፣ ዓቢይ ጾም ከሆነ፣ “ቁርስ በላህ?” የሚለው ጥያቄ ረሃብን ሳይሆን ሃይማኖትን ይለካል። ትንንሾቹም እንደ ትልቅ ሰው ልጹም ይላሉና። በጾም ወራት የምግብ ጥያቄ ይዛችሁ አትውጡ። ቀናቱንም በሳምንቱ ላይ በትኑ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን አትጨርሱ።

አማርኛችን ፆታ ይለያል። “ትናንት ምን በላህ/ሽ” ተብሎ የተጻፈ መጠይቅ ሲነበብ ይደናቀፋል፣ ሰብሳቢውም ድካሙ ሲመጣ ሴቷን ሁሉ “አንተ” ይላታል። ለወንድ አንድ፣ ለሴት አንድ ለየብቻ አሳትሙ። ሁለት ነገር በአንድ አትጠይቁ፤ “ቤትህና ትምህርት ቤትህ ይመቹሃል?” ሲባል አንዱ ተመችቶት አንዱ ያልተመቸው ልጅ ምን ይበል? ምርጫዎቹም ሦስት ይሁኑ፦ ሁልጊዜ፣ አንዳንዴ፣ በጭራሽ። “በመጠኑ እስማማለሁ” የሚባል ነገር ልጅ አፍ ውስጥ የለም።

ስለ አጠቃላይ ኑሮ የግድ መጠየቅ ካለባችሁ መጨረሻ ላይ አድርጉት። ያንግ ላይቭስ 9 ደረጃ ያለው መሰላል አሳይቶ “አሁን የት ላይ ነህ?” ይላል። እኔ አገርኛ ላድርገው ብዬ በመሰላሉ ፋንታ ጦሳን ሳልኩ፤ ተራራውን የማያውቅ የደሴ ልጅ የለማ። አንዱ “እኔ ከእግሩ ነኝ፣ አናቱ ላይማ ብርድ ነው” አለኝ። ወደ መሰላሉ ተመለስን።

አምስተኛ፦ ጠያቂዎቹ

ወጣት፣ የአካባቢውን አነጋገር የሚያውቁ፣ ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች። መምህር አይሁኑ። የቀበሌ ሠራተኛም አይሁኑ። በቀበሌ በኩል ዘይትና ስንዴ የሚመዘገብበት አገር ላይ፣ መዝገብ የያዘ ሁሉ እርዳታ መዝጋቢ ነው። “ልትመዘግቡን ነው?” ይሏችኋል። መልሱን ከመግባታችሁ በፊት ተናገሩ፦ “ምንም አንሰጥም። ስላልመለሰ የሚቀርበት፣ ስለመለሰ የሚጨመርለት ልጅ የለም።” ካልተናገራችሁት ልጆቹ በእናታቸው ተመክረው ይመጡና ከትናንት ይልቅ ችግር ይነግሯችኋል።

ሥልጠናው ሦስት አራት ቀን ይሁን፤ ግማሹ ልምምድ። አንዱ ልጅ ይሁን፣ አንዱ ይጠይቅ። ልጁን የሚጫወተው ሰውዬ መሬት እያየ፣ በአንገቱ ብቻ እየመለሰ ያስቸግር። መስክ ላይ የሚገጥማቸው ያ ነው። ዝምታን መታገሥ መልመድ አለባቸው። አብዛኛው ሰብሳቢ ልጅ ሦስት ሰከንድ ዝም ሲል መልሱን ራሱ ይነግረዋል።

ቁመታችሁን ከልጁ ጋር አስተካክሉ። ዱካ ላይ ከተቀመጠ ዱካ፣ ምንጣፍ ላይ ከሆነ ምንጣፍ ላይ። ቦታው ሰው የሚያየው፣ ግን ሰው የማይሰማው ይሁን። የግቢ ዛፍ ሥር ጥሩ ነው፤ የተዘጋ ክፍል መጥፎ ነው። እናት ከጎን ከተቀመጠች አንዷ ጠያቂ ቡና እያጣጣመች ወደ ሌላ ወሬ ትውሰዳት። ልጁ እስክሪብቶ ሲያይ ፈተና ይመስለዋልና “ቲቸር፣ ልክ ነኝ?” ካላችሁ “እዚህ ልክና ስህተት የለም፣ አብሽር” በሉት።

ስድስተኛ፦ ከመውጣታችሁ በፊት ሞክሩ

ከ10 እስከ 15 ልጆች በቂ ናቸው፤ ናሙናችሁ ውስጥ ከማይገባ ሰፈር። ልጁ ከመለሰ በኋላ “ምን የጠየቅኩህ መሰለህ?” በሉት። “ጥበቃ ይደረግልሃል?” የሚል ጥያቄ ነበረን። የገባቸው ዘበኛ ነው። ይህ በሙከራ ባይገኝ ኖሮ ደሴን የዘበኛ ከተማ አድርገን ሪፖርት እንጽፍ ነበር።

ሰባተኛ፦ ከባዱ ጉዳይ

ዱላን፣ ጥቃትን፣ ጦርነቱን የሚነካ ጥያቄ ለውሳኔው ካላስፈለገ አይግባ። ለማወቅ ጉጉት ተብሎ የልጅ ቁስል አይነካም። የግድ ከሆነ “አንተን” ሳይሆን “በዚህ ሰፈር ያሉ ልጆችን” ብላችሁ ጀምሩ።

ባትጠይቁም ግን ይነገራችኋል። ስለ ትናንት የጠየቃችኋት ልጅ ትናንት ማታ የሆነውን ልትናገር ትችላለች። ለዚያ ቀን አንድ ወረቀት ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር፦ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያው፣ የጤና ጣቢያው፣ የፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ስልክ። ስልኮቹን መስክ ከመውጣታችሁ በፊት ደውላችሁ ሞክሯቸው። እኔ በያዝኩት ዝርዝር ላይ ከአራቱ ሁለቱ የማይሠሩ ነበሩ፤ ያወቅኩት ልጅቷ ፊቴ ተቀምጣ ነው። ሌላው ነገር፦ “ለማንም አልናገርም” ብላችሁ ቃል አትግቡ። “የነገርሽኝን በስምሽ አላወጣም፤ አደጋ ላይ ከሆንሽ ግን ለሚረዳሽ ሰው እናገራለሁ” በሉ። ይህን የምትነግሯት ምስጢሯን ካወጣች በኋላ ሳይሆን ከመጀመሪያው፣ ከጅቡ ጥያቄ ጋር ነው።

ስምንተኛ፦ መረጃውን መያዝ

ኮቦ የሚባለው መተግበሪያ ነፃ ነው፣ ኔትዎርክ ሳይኖርም ይሠራል (ከቆቦ ከተማ ጋር አይምታታባችሁ)። ስም አትጻፉበት። ለልጁ ቁጥር ስጡት፤ ቁጥሩንና ስሙን የሚያገናኘው ወረቀት ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጥ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፎቶ አታንሱ። ስታወጡም ከ10 ልጅ በታች ያለበትን ቡድን ለብቻው አትጥቀሱ። “በቀጠናው ከሚገኙ ሁለት ዓይነ ስውር ልጆች አንዷ” ካላችሁ ስሟን ጻፋችሁት ማለት ነው።

ዘጠነኛ፦ ጽፎ መውሰድ፣ መልሶም መምጣት

ለኃላፊው ሁለት ገጽ ይበቃዋል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ቀን ይኑር፤ የብዙ ልጆች ትናንት ተጨምቆ የተሠራ፣ ከጎህ እስከ መኝታ። ወንድና ሴቱን ለዩ፤ ካልለያችሁት የሴቶቹ ጀሪካን በወንዶቹ ኳስ ይሸፈናል። ትምህርት ቤት ያሉትንና የሌሉትንም አትደምሩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ የምትጠይቁትን ውሳኔ ጻፉ፤ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። አንድ ልጅ ተሰብሳቢ ፊት አቁማችሁ ግጥም አታስነብቡ። በጭብጨባ ይሸኛል፣ ወረቀታችሁም አብሮት ይሸኛል።

ከዚያ ወደ ልጆቹ ተመለሱ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ልጆቹ ግን ይጠብቃሉ። አንዱ ከሁለት ወር በኋላ ሙጋድ ሰፈር አግኝቶኝ “ያ ነገርስ?” ብሎኛል፤ የምመልሰው አልነበረኝም። አሁን በአንድ ካርቶን ላይ በትልልቅ ፊደል እንጽፋለን፦ የነገራችሁን ይህ ነው፣ ይህኛው እሺ ተብሏል፣ ይህኛው እምቢ ተብሏል፣ እምቢ ያሉበት ምክንያት ይህ ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ አንድ፣ ሊስትሮዎቹ የሚውሉበት አንድ፣ ውሃ መቅጃው ጋ አንድ። ስትለጥፉት ከፍ አታድርጉት። የ2ኛ ክፍል ልጅ ዓይን የሚደርስበት ላይ ይሁን።